ልጅን ከመቅጣት በፊት ማወቅ

ስለ ሕሙማን ልጆችና ትምህርት ስለሚከብዳቸው ልጆች፣ ለወላጆችና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰንበት፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ በጎንደር ከተማ በፒያሳ በኩል ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ያህል ልጇን በእጇ ይዛ ከመንገዱ ዳር አገኘችኝ። «አባቴ ይፍቱኝ» ብላ መስቀል ከተሳለመች በኋላ ወዲያው አልሄደችም። ልጁን ወደ ኋላዋ ሸሸግ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«አባቴ፣ ይህ ልጅ ፊደል አልገባ አለው። ዓመት ሙሉ ሀሁን ሊጨርስ አልቻለም። ጠዋት የለየውን ማታ ይረሳዋል። አስተማሪው ‹ስጠራው ሰምቶ ዝም ይለኛል፤ እልከኛ ነው› ብሎ መለሰብኝ። ጎረቤቶቼም የእናቱ ጣጣ ነው ይላሉ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ የኔ ኃጢአት ነው ወይ?»

ይህ ጥያቄ የዚያች እናት ብቻ አይደለም። በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን ጮኾ የማይነገር ጥያቄ ነው። ልጁ የሚጥል በሽታ ያለበት አባት፣ ሴት ልጁ መናገር የዘገየችበት፣ ልጇ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረባት እናት ሁሉ በልባቸው ይጠይቁታል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ልናገረው የምፈልገው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ልጅ ሲታመም ወይም ትምህርት ሲከብደው የወላጅና የመምህር የመጀመሪያው ግዴታ መቅጣትም ማፈርም አይደለም፤ ልጁን ማወቅ ነው። ማወቅ ስንልም ድካሙ ከምን እንደ መጣ መመርመር፣ የሚችለውን ከማይችለው መለየት፣ ከዚያም በአቅሙ ልክ መርዳት ማለታችን ነው። ሳያውቁ መቅጣት በሽተኛውን በበሽታው መቅጣት ይሆናልና።

ኃጢአቱ የማን ነው?

ደቀ መዛሙርት ከማኅፀን ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ ያች እናት የጠየቀችኝን ጥያቄ ጌታችንን ጠይቀውት ነበር። የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው አመለከቱ። የጌታችን መልስ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፣ ከሁለቱም ወገን በደል የፈለገ አይደለም። ነገሩን የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት የተሰጠ አድርጎ አሳያቸው። ከዚያም ወዲያው ወደ ሥራው ገባ፤ ጭቃ አበጀ፣ ዓይኑን ቀባ፣ ታጠብ ብሎ ላከው። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ኋላ ተመልሰው በደለኛ ሲፈልጉ፣ እርሱ ወደ ፊት ተመልክቶ ለሰውየው የሚደረግለትን አደረገ። ወላጅ ሆይ፣ የልጅህ ሕመም ባሰጨነቀህ ጊዜ ከነዚህ ከሁለቱ አመለካከቶች የትኛውን እንደ ያዝህ ራስህን መርምር።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 4 የተጻፈው የሜምፊቦስቴ ታሪክም ይህን ያስረዳል። ሜምፊቦስቴ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ የአባቱ የዮናታን ሞት ሲሰማ፣ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለቱ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሞግዚቲቱ ልታድነው ፈልጋ እንጂ ልትጎዳው አልነበረም። መጽሐፉም አንዲት የወቀሳ ቃል አልጻፈባትም። በምዕራፍ 9 ንጉሥ ዳዊት ሜምፊቦስቴን ባስመጣው ጊዜም ሽባ የሆነበትን ምክንያት አልመረመረም፤ ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ሆኖ ሁልጊዜ ከማዕዱ እንዲበላ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ያስቀመጠው በጓዳ ሳይሆን በማዕድ ነው። በአገራችን ግን የታመመ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ሲገባ የምናየው ስንት ጊዜ ነው?

ቤተ ክርስቲያናችንም በሥርዓቷ ይህንኑ ታስተምራለች። ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ የሕፃኑን የአእምሮ ስፋት አትመዝንም። ሕፃኑ አባት እናቱን እንኳ በስም ሳይጠራ ሥጋውንና ደሙን ታቀብለዋለች። እንግዲህ የክርስቶስ ማዕድ ፊደል ለማያውቅ ሕፃን የተከፈተ ከሆነ፣ አድጎም ፊደል መለየት ላቃተው ልጅ የሚዘጋበት ምክንያት ምንድን ነው? በእግዚአብሔር ዘንድ ሰው የሚከብረው የአምላኩ አርአያ በመሆኑ ነው እንጂ ዳዊት በመድገሙ አይደለም።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ለማን ይነገራል?

ትምህርት የከበደው ልጅ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት አጎቱ መምህር ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ገባ። ስንክሳሩም ገድሉም እንደሚነግሩን ትምህርቱ ፈጽሞ አልገባው አለ። መምህሩ ገረፈው፤ ልጁም ግርፋቱን ፈርቶ ሸሸ። በመንገድ ደክሞት ከዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ አንድ ትል በዛፉ ላይ ሲወጣና ሲወድቅ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ በየዐውደ ምሕረቱ ይነገራል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለልጁ ነው። «ትል እንኳ ሳይሰለች ወጣ፤ አንተ ለምን አቃተህ?» እየተባለ መወቀሻ ይሆንበታል። እኔ ግን ታሪኩ በመጀመሪያ ለመምህሩና ለወላጁ ሊነገር ይገባዋል እላለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ አርጩሜው ያሬድን ከትምህርት ቤት አስወጣው እንጂ ትምህርቱን ወደ ልቡ አላስገባለትም። ሁለተኛ፣ በጆሮው ብዙ ጊዜ ተነግሮት ያልገባውን ነገር በዓይኑ ባየ ጊዜ ተረዳው። ጥፋቱ ከመማሪያው መንገድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ልብ በአንድ በር ብቻ አይከፈትምና። ሦስተኛ፣ ያሬድ ተጸጽቶ ሲመለስ ጌዴዎን በሩን አልዘጋበትም። ተቀብሎ እንደ ገና አስተማረው። ጌዴዎን ያን ቀን «ዓመታት አድክመኸኛል፤ ሂድ» ቢለው ኖሮ፣ ድጓው፣ ጾመ ድጓው፣ ምዕራፉ፣ ዝማሬውና መዋሥዕቱ በየት በኩል ይደርሱን ነበር? ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች የደረሱን ከመምህሩ ተባርሮ በነበረው በዚያ ልጅ አፍ ነው። ጎንደር በአቋቋም፣ ቤተ ልሔም በድጓ የሚመሰገኑት በእርሱ ሥራ ነው። እርሱም ዕድሜውን የፈጸመው ከእኛው ከሰሜን ተራራዎች ላይ ሲሆን፣ መታሰቢያው በግንቦት 11 ቀን ይነበባል።

አንድ የራሴ በደል

ይህን የምጽፈው ከበደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ደብር ሕፃናትን ፊደል አስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። ስጠራው አይመልስም፤ ሌሎቹ «ለ» ሲሉ እርሱ ሌላ ይላል። እኔም እንደ ንቀት ቈጥሬ ብዙ ጊዜ በአርጩሜ ቀጣሁት። ከዕለታት አንድ ቀን መምጣቱን ተወ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘመዶቹን ሳገኝ፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሁለቱም ጆሮዎቹ መግል ይፈስሰው እንደ ነበረና አጥርቶ እንደማይሰማ ነገሩኝ። ከፊት ተቀምጦ የአፌን እንቅስቃሴ ቢያይ ኖሮ ይማር ነበር። ከኋላ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ባለመስማቱ የገረፍሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ከጀርባው ቆሜ በቀስታ ጠርቼው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገለጠልኝ ነበር። ያን ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ ዳግመኛ አላገኘሁትም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ መምህር ሁሉ ከእኔ ስሕተት እንዲማር ብዬ ይህን አልሸሸግሁም።

የጌታችን ጥያቄ፤ «ከመቼ ጀምሮ?»

በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 9 አንድ አባት ሕመም የሚጥለውን፣ አረፋ የሚያስደፍቀውን ልጁን ወደ ጌታችን አምጥቷል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ልጁን ከማዳኑ በፊት አባቱን ጠየቀው፤ ይህ ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው እንዲነግረው ፈለገ። አባቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሆኑን፣ በእሳትና በውሃም እንደሚወድቅ ዘርዝሮ ነገረው። ጌታችን የጠየቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አባትየው በሕዝብ ፊት የልጁን ነገር እንዲናገር፣ ጭንቀቱም እንዲሰማለት ዕድል ሰጠው። ለእኛም ከፍርድ በፊት መጠየቅ እንደሚገባ አስተማረን። ዛሬም ሐኪም በሽተኛ ሲቀርብለት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ልጃቸው ትምህርት ሲከብደው ወይም ጠባዩ ሲለወጥባቸው ሊመረምሯቸው የሚገቡትን ጥቂት ነገሮች እንመልከት።

ስለ ጆሮ። የሚመግል ጆሮ ቸል ከተባለ መስማትን ይቀንሳል። ማጅራት ገትር ከያዘው በኋላ የዳነ ልጅም የመስማት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ልጁ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ሰው ሲናገር አፍ አፉን የሚያይ፣ ንግግሩ የዘገየ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ስለ ዓይን። መጽሐፉን ወደ ፊቱ በጣም የሚያስጠጋ፣ ከሩቅ የተጻፈውን የማይለይ ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ መነጽር ብቻ ይበቃው ይሆናል። ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ዳፍንት ይዞት እንደ ሆነ ይታሰብ። ይህም ቫይታሚን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር በምግቡ ውስጥ ሲያንስ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ እንቁላልና ወተት ይረዱታል። ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድም መዘግየት አይገባም።

ስለሚጥል በሽታ። ይህ በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። በምራቅም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። ስለዚህ የወደቀውን ልጅ ለማንሣት መፍራት ትልቅ ስሕተት ነው። በአገራችን ልማድ የተለኰሰ ክብሪት ማሽተት ጥቅም የለውም፤ በአፉ ማንኪያ ወይም እንጨት መክተትም ጥርሱን ይሰብራል፣ ትንፋሹን ይዘጋል። የሚገባው ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ እስኪነቃም አጠገቡ መቆየት ነው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። መድኃኒቱም ሳይቋረጥ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ልጁ ዳነ ተብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት ማቆም ሕመሙን ያብሰዋል። ደግሞም ይህ በሽታ ሁልጊዜ ሰውን ጥሎ አያንቀጠቅጥም። አንዳንዱ ልጅ ለጥቂት ቅጽበት ዓይኑ ፈዝዞ፣ ሥራውን አቋርጦ ይቀርና እንደ ገና ይመለሳል። በዚያ ቅጽበት የተነገረውን አይሰማም፤ መምህሩ ግን እንደ ንቀት ይቈጥርበታል።

ስለ ጨው። በደጋው አገራችን እንቅርት የቆየ በሽታ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱም አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከደጋው አፈር በዝናብና በጎርፍ ታጥቦ ስለሚሄድ፣ በእህሉም በውሃውም ውስጥ ስለሚያንስ ነው። ብዙ ሰው ግን የማያውቀው፣ አዮዲን በጣም ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊዘገይ፣ ጆሮውም ሊደነቁር እንደሚችል ነው። የጨው ጉዳይ የአንገት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጆች ትምህርት ጉዳይም ነው። በኢትዮጵያ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ አውጥቷል። ባለቤቶች አዮዲን ያለበትን ጨው ይግዙ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀው በተከደነ ዕቃ ያኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። እሳት ሲበዛበት ኃይሉ ይቀንሳልና።

ከወሊድ ጋር ስለሚመጣ ድካም። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው አንጎሉ ይጎዳል፤ በኋላም እጅና እግሩ ላይታዘዙለት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር በጤና ተቋም እንድትወልድ የሚመከረው ስለዚህ ጭምር ነው። ደግሞ ዳውን ሲንድሮም የተባለው አለ። ዠሮም ለዠን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስታወቁት፣ ይህ የሚሆነው በሕፃኑ ሕዋሳት ውስጥ ክሮሞዞም የተባሉት በ46 ፈንታ 47 ሲሆኑ ነው። ይህም የእርግማን ውጤት አይደለም፤ እናቲቱ በፆሟ፣ በሥራዋ ወይም በጠባይዋ ያመጣችው አይደለም።

ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም

አንዳንድ ምእመናን ልጃቸውን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስላቸዋል። ይህ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ከቅዱሳት መጻሕፍቶቻችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38፣ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ከጸሎቱ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ አዝዞለታል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በ1999 ዓ.ም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለአዋቂ የተሰጠው ይህ ምክር ለራሱ መወሰን ለማይችል ሕፃን እንዴት ይልቁን አይገባም?

ለጎንደርና ለአካባቢው ሕዝብ ደግሞ ምክንያት የለንም። በከተማችን እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለአገር ሲያሠለጥን ኖሮ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ትልቅ ሆስፒታል ይዟል። ዩኒቨርሲቲው ከሆስፒታሉ ሌላ አካል ጉዳተኞችን በየቀበሌያቸውና በየቤታቸው ለመርዳት ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት አቋቁሟል። ጠበሉም በደጃችን፣ ሐኪም ቤቱም በደጃችን ነው። ልጁን በአንድ እጅ ወደ አንዱ፣ በሌላው እጅ ወደ ሌላው እንውሰደው።

በአቅም ልክ ስለ ማስተማር

የልጁ ድካም ከታወቀ በኋላ የሚቀረው እንደ አቅሙ ማስተማር ነው። በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤታችን ያልተነገረለት ጥበብ አለው። በየኔታ ዘንድ ልጆች በዕድሜ ተቈጥረው በአንድ ክፍል አይታጐሩም። ፊደሉን የጨረሰ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ያልፋል። ያልጨረሰ እስኪጨርስ ይቆያል፤ ዓመቱ አለቀ ተብሎ ጥለውት አይሄዱም። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ዓይኑ የማያይ ልጅም ጸሎቱን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን በቃል ይማራል። ይህን ጥበብ አርጩሜው ሲያበላሸው ኖሯል እንጂ ጥበቡስ የሚመሰገን ነው።

ፊደሉ ራሱ ለአንዳንድ ልጅ ታላቅ ዳገት መሆኑንም አንርሳ። የአማርኛው 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። «በ»ንና «ሰ»ን፣ «ሰ»ንና «ለ»ን በቅርጻቸው መለየት ለአንዱ ልጅ የአንድ ቀን፣ ለሌላው የወራት ሥራ ነው። በሌላ ነገር ሁሉ ብልህ ሆኖ ፊደልን ብቻ ለይቶ ማንበብ የሚቸገር ልጅ አለ። እንዲህ ላለው ልጅ በቀን ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ይበቃዋል። በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፈው፤ በጭቃ ይሥራው፤ በዜማ ይበለው። ትናንት ያወቀውን ሳይደግሙ አዲስ አይጨመርበት። ሲሳሳት ትክክለኛውን ማሰማት፣ ሲያገኘው ማመስገን ይበቃል።

በዚህ ነገር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ያደረጉት ሊታወስ ይገባዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ አልቅሰው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል ከፈቱ። መናገር የተሳናቸውንም ልጆች ድምፅ ለማስተማር በራሳችን ፊደል ላይ የተመሠረተ፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ አዘጋጁ። እርሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን ልጃቸውን መሸሸግ ትተው ስለ እርሱ በአደባባይ በመናገራቸው ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ አውጥተዋል።

ድካሙ ለማይወገድለት ልጅ

እስከ አሁን ስለ መመርመርና ስለ መርዳት ተናገርን። አንድ እውነት ግን ልንሸሽገው አይገባም። ትል ያየ ልጅ ሁሉ ያሬድ አይሆንም። ተመርምሮ፣ ታክሞ፣ ተጠምቆ፣ ተጸልዮለትም ድካሙ ከእርሱ ጋር የሚኖር ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ወላጅ «ነገ ታላቅ ሰው ይሆንልሃል» ማለት ማጽናናት አይደለም፤ ሸክም መጨመር ነው። ሊባል የሚገባው ልጁ እንዳለ፣ ዛሬ፣ ሙሉ ልጅ መሆኑ ነው። ሙሴ አፈ ከባድ መሆኑን ለእግዚአብሔር ባመለከተ ጊዜ አንደበቱ እንዲፈታ አልተደረገም። ወንድሙ አሮን አፍ እንዲሆንለት ተሰጠው። እግዚአብሔር ድካሙን በማስወገድ ፈንታ ረዳት የሰጠበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ አሮን የሚሆነው ማነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

አሮኑ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ብቻ ትሆናለች፤ በዚህም ትደክማለች። አባት ልጁን ለእናቱ ብቻ ጥሎ ሊሸሽ አይገባውም፤ ልጁ የሁለቱም አደራ ነው። የክርስትና አባትና እናትም ስማቸው ለበዓል ብቻ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁን ይዘው እናቲቱን ቢያሳርፏት አደራቸውን ፈጸሙ ማለት ነው። ሌሎቹ ልጆችም «እኛ ተረሳን» እንዳይሉ ጊዜያቸው ይጠበቅላቸው። ለልጁም በአቅሙ የሚሠራው ሥራ ይሰጠው፤ ውሃ መቅዳት፣ ጥጃ መጠበቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጧፍ ማቀበል። ያ ሥራ ለእርሱ ትልቅ ክብር ነው።

የወላጅ ልብም መታከሙ ይገባል። ያ በማርቆስ ወንጌል የተጻፈው አባት እምነቱ ሙሉ አልነበረም። እምነት እንዳለው፣ እምነትም እንደጎደለው በአንድ አፍ፣ በእንባ ተናገረ። ጌታችንም ቀድመህ እምነትህን ሙላ ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። የደከመች እናት «አምላኬን ተማረርሁ» ብላ ብትናዘዝ ካህኑ ይህን አባት ያስባት።

ለካህናት የሚገባ

የንስሐ አባቶች ሆይ፣ የምእመናን ቤት የሚከፈትልን ለእኛ ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናድርግ። አንደኛ፣ ቤት ስንባርክ በጓዳ ያለ ልጅ እንዳለ በትሕትና እንጠይቅ፤ መስቀላችንም ይድረሰው። ሁለተኛ፣ የልጁን ሕመም ከወላጆቹ ኃጢአት ጋር የሚያያይዝ ቃል ከአፋችን አይውጣ። እንዲህ ያለው ቃል ከሌላ ሰው ሲወጣም እንገሥጽ። ሦስተኛ፣ ልጁ በቅዳሴ መካከል ቢጮኽ ወይም ቢንቀሳቀስ እናቲቱን በዓይን አናስወጣት፤ በቤተ መቅደስ የሕፃናት ጩኸት ጌታችንን ያላስቈጣው ነውና። አራተኛ፣ ጠበል ለሚመጣ ሕመምተኛ «መድኃኒትህን ይዘህ መጥተሃል?» ማለትን እንልመድ።

ማጠቃለያ

በጽሑፉ መጀመሪያ የጠቀስኋት እናት በፒያሳ ስትጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ የመለስሁላት ኃጢአትሽ አይደለም ብዬ ነው። ቀጥሎም ያ የቀድሞ ተማሪዬ ትዝ ስላለኝ ጠየቅኋት፤ «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት። እርሷም ጥቂት አስባ፣ በሦስት ዓመቱ ጽኑ ትኩሳት ይዞት እንደ ነበረ፣ ከዚያም ወዲህ አንዳንድ ጊዜ ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ፈዝዞ እንደሚቀር ነገረችኝ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ወደ ሐኪም ቤት እንድትወስደው መከርኋት።

ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ እንደ ገና ተገናኘን። ሐኪሞቹ መርምረው ሳይጥል ለቅጽበት ልቡናን የሚሰውረው የሚጥል በሽታ ዓይነት መሆኑን አውቀውለታል። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ ጠዋት ጠዋትም ጠበል ይጠጣል። እኩዮቹ ዳዊት እየደገሙ ሳለ እርሱ ገና መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነበር። እናቲቱ ግን ይህን ስትነግረኝ ልጁን ወደ ኋላዋ አልሸሸገችውም። በትከሻው ይዛ ከፊቷ አቁማው፣ «አባቴ፣ ያንብብልዎት» አለችኝ። እርሱም እየተጎተተ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ አንዱን መስመር እስከ መጨረሻው አነበበ። እኔም ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

ልጆቻችንን እንድናውቅ፣ አውቀንም በትዕግሥት እንድናሳድግ የሕፃናት አምላክ ይርዳን። የታመሙትን ይማርልን፤ የደከሙትን ወላጆች ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።